ከጉባኤ ቤት እስከ አዳሪ ትምህርት ቤት፤ በመስቀል ሰሞን ከቤት የሚወጡ ልጆች

የመስቀል በዓል በክርስቲያኑ ቤተሰብ ዘንድ የመሰባሰቢያ በዓል ነው። መስከረም 16 ቀን ማምሻውን ደመራው ተደምሮ፣ ካህናቱ ዞረው፣ ችቦው ሲለኮስ ሩቅ ያለው ሁሉ ወደ ቀዬው እንዲመለስ ይጠበቃል። ወላጅም በር በሩን ያያል። ነገር ግን በዚሁ ሰሞን ትምህርት ቤት ይከፈታልና ከቤት የሚወጣም አለ። በአዳሪነት ለመማር ዕድል ያገኘው ልጅ ብርድ ልብሱንና ደብተሩን በሻንጣ ከቶ፣ እናቱ የቋጠረችለትን በሶና ዳቦ ቆሎ ይዞ መንገድ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ የአደይ አበባው ገና ሳይረግፍ ነው። በዚህ የበዓል ገጽ ስለ እነዚህ ልጆች፣ በተለይም በምዕራቡ የሀገራችን ጠረፍ በአሶሳና በመላው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ስላሉት ልንጽፍ ወደድን።

በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እንደሚነገረው ንግሥት ዕሌኒ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዳ፣ አረጋዊው ኪራኮስ በነገራት መሠረት ደመራ አስደምራ፣ ዕጣን አጢሳ፣ ጢሱ ያመለከታትን ኮረብታ ማስቆፈር የጀመረችው መስከረም 17 ቀን ነው። መስቀሉ የተገኘው ግን መጋቢት 10 ቀን ነው። በዓሉ በታላቅ ድምቀት የሚከበረው እንግዲህ ቁፋሮው በተጀመረበት ዕለት ነው። በመስከረም ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚሸኝ ወላጅ ይህን ነገር ልብ ቢለው ትዕግሥት ሳያገኝበት አይቀርም።

ልጅን ለትምህርት ከቤት አርቆ ማሳደር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የነቢዩ ሳሙኤል እናት ሐና የተሳለችውን ልጅ ጡት ካስጣለችው በኋላ ወደ ሴሎ ወስዳ ለካህኑ ለዔሊ አስረክባዋለች፤ በየዓመቱም መሥዋዕት ለማቅረብ ስትወጣ ትንሽ መደረቢያ ሰፍታ ትወስድለት እንደነበር በመጽሐፈ ሳሙኤል ተጽፏል። እመቤታችንም በሦስት ዓመቷ ቤተ መቅደስ ገብታ 12 ዓመት በዚያ መኖሯን ታኅሣሥ 3 ቀን በበዓታ ለማርያም እናስባለን። የሐና መደረቢያ ነገር ሁልጊዜ ይገርመናል። እናት ልጇ በዓመት ውስጥ ምን ያህል እንዳደገ ሳታየው ልኩን በግምት ትሰፋለች ማለት ነው። ልጅ በአዳሪ ትምህርት ቤት ያላት እናት ይህ ነገር ምን እንደሆነ ማንም ሳያስረዳት ታውቀዋለች።

በሀገራችንም የመጀመሪያው አዳሪ ትምህርት ቤት የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ቤት ነበረ። ፊደልና ንባብ፣ ዳዊትም ጭምር በሰፈር ሊጠና ይችላል። ከዚያ በላይ ያለውን የሚፈልግ ልጅ ግን ሀገር ማቋረጥ ነበረበት። ድጓን ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ ለቅዳሴ ወደ ደብረ ዓባይ፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር፣ ለቅኔ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ ይሄዳል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቁራሽ ለምኖ፣ ከጓደኞቹ ጋር በሠራት ጎጆ እያደረ፣ ከየኔታ እግር ሥር አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ይቀመጣል። ውሻው ያባርረዋል፤ ዝናቡ ይመታዋል፤ ወረርሽኝ የገባ እንደሆነ ከቤቱ ሳይደርስ የሚቀረውም ብዙ ነበር። የቆሎ ተማሪ የሚለው ስም በቀልድ የሚነገር ይመስላል እንጂ በውስጡ የብዙ ሕፃናት ረኃብ አለበት። ሊቃውንቱ የወጡበት ቤት በመሆኑ ብቻ ችግሩን ማሳመር አይገባም እንላለን።

ከዚህ ሥርዓት ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛው፣ ተማሪውን የሚመግበው የአካባቢው ሕዝብ መሆኑ ነው፤ ገበሬው የማን ልጅ እንደሆነ ሳይጠይቅ እንጀራ ይቆርስለታል። ሁለተኛው፣ ታላቁ ተማሪ ታናሹን የሚያስቀጽል መሆኑ ነው። የኔታ መቶ ልጅ ብቻቸውን ማስተማር አይችሉምና ቅኔውን የተቀበለው ለጀማሪው ያካፍላል። ዛሬ በአዳሪ ትምህርት ቤቶች ማታ ማታ በጥናት ሰዓት የአሥራ ሁለተኛው ክፍል ተማሪ ለዘጠነኛው ክፍል ልጅ ሒሳብ ሲያስረዳው ያየ ሰው ይህን ልማድ ከየት እንዳየው ያስታውሰዋል።

ዘመናዊው ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብፅ በመጡ የቅብጥ መምህራን ተጀመረ፤ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከተለ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ለሴቶች ልጆች የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከጠላት ወረራ በኋላ በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም.፣ ጥቂት ቆይቶም የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ሥራ ሲጀምሩ ከየጠቅላይ ግዛቱ የተውጣጡ ልጆችን በአዳሪነት ተቀበሉ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የልዑል በዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤትም ከየአውራጃው በውጤታቸው የተመረጡትን አምጥቶ የመጨረሻውን ክፍል በግቢው እያሳደረ ያስተምር ነበር። ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ከደብረ ኤልያስ፣ ከደብረ ወርቅና ከዲማ ጉባኤ ቤቶች ተነሥተው አዲስ አበባ የደረሱ ናቸው፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው ልቦለዳቸው ዋና ባለታሪክ በዛብህም የቅኔ ተማሪ ነው። ደራሲ በዓሉ ግርማም ከኢሉባቦር ሱጴ መጥተው በጄኔራል ዊንጌት ተምረዋል። ምዕራቡ የሀገራችን ክፍል ለአዳሪ ትምህርት ቤት ባዳ አለመሆኑን ለማሳየት ያህል ይህን አነሣን።

የመንገዱ ርዝመት

አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች፤ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በመንዲና በባምባሲ አድርጎ የሚወስደው መንገድ በደህናው ጊዜ እንኳ የአንድ ቀን መንገድ አይደለም። ክልሉ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ብሔረሰቦች ሀገር ነው። ዓባይ ለሁለት ይከፍለዋል። በወንዙ ደቡብ አሶሳና ካማሺ፣ በሰሜኑ መተከል ይገኛሉ። ቀድሞ አሶሳ ከወለጋ፣ መተከል ደግሞ ከጎጃም ጋር ይተዳደሩ እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ቀርከሃው የበዛ፣ ማሽላና ለውዝ የሚበቅልበት፣ ማንጎው የሚጣፍጥ፣ ከወንዙ አሸዋ ወርቅ የሚታጠብበት ሀገር ነው። ወርቁ ለቤተሰብ ደጎስ ያለ ገቢ ያስገኛል፤ በአንጻሩም ልጅ ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቱን ጥሎ ወደ ወንዝ እንዲወርድ ይስበዋል። ዛሬ ተገኝቶ ዛሬ የሚሸጥ ነገር ከአምስት ዓመት በኋላ ከሚገኝ የምስክር ወረቀት ይልቅ ቢያጓጓ የሚያስደንቅ አይደለም።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ከክልሉ ነዋሪ ከመቶ 45 ያህሉ ሙስሊም፣ 33 ያህሉ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ሆኖ ተቆጥሯል። ከምእመኑ መካከል በ1977ቱ ድርቅ ምክንያት ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ተነሥቶ በአሶሳ ዙሪያ የሰፈረውና ልጆቹ ይገኙበታል። የሰፈራው መንደሮች ዛሬም በቁጥር ይጠራሉ፤ አምባ 14፣ መገሌ 33 ይባላሉ። ሰው ስሙ ቁጥር በሆነ ቀዬ ተወልዶ አድጎ፣ ቤተ ክርስቲያን አንጾ፣ ደመራ ደምሮ ሲኖር የቁጥሩ ቅዝቃዜ ይጠፋል። በመተከል ያሉት የሺናሻ ወገኖቻችን ደግሞ መስከረም ሲጠባ የራሳቸውን የዘመን መለወጫ፣ ጋሪ ዎሮን ያከብራሉ።

በዚህ ሰፊ ሀገር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በየቀበሌው ደርሷል፤ በበርታ፣ በጉሙዝና በሺናሻ ቋንቋዎችም ሕፃናት በአፍ መፍቻቸው መማር ችለዋል። ችግሩ የሚመጣው ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው በወረዳው ከተማ ከሆነና መንደሩ የግማሽ ቀን መንገድ የሚርቅ ከሆነ፣ ልጁ ወይ ከተማ ቤት ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል፤ ወይ ከዘመድ ይጠጋል፤ ወይ ይቀራል። ወንዱ ቤት ሊከራይ ይችላል። የ14 ዓመት ሴት ልጅን በማያውቁት ከተማ፣ ቁልፍ በሌለው ክፍል ትተው መመለስ ግን የትኛውም አባት የሚደፍረው አይደለም። አሶሳ ላይ አዳሪ ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው ጎበዞችን ለማበልጠግ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ይህችን ልጅ አላሰባትም።

ሌላው ነገር የመተከል ጉዳይ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ፣ ይበልጡንም በ2013 ዓ.ም. በዚያ በደረሰው ግድያ ብዙ ወገኖቻችን ሞተዋል፤ እጅግ ብዙዎችም ተፈናቅለዋል። ከየብሔረሰቡና ከየሃይማኖቱ ያላለቀሰ የለም። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የአንዳንዶቹም ክፍል የተፈናቃይ መጠለያ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ከታጣቂ ቡድኖች ጋር የሰላም ስምምነት ተፈርሞ ሰው ወደ ቀዬው መመለስ ቢጀምርም፣ በአሥር ዓመቱ ከክፍል የወጣ ልጅ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ሲመለስ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ይቀመጣል። የቀረውን ለማካካስ ከሰዓት በኋላና ማታ የሚያስጠናው ሰው ያስፈልገዋል፤ ከእርሻና ከእንጨት ለቀማም ነፃ መሆን አለበት። ይህ ሁሉ አዳሪ ለሆነ ልጅ ይቻላል፤ ለተመላላሽ ልጅ ይከብዳል። የጉሙዙ፣ የሺናሻው፣ የአማራው፣ የኦሮሞውና የአገው ልጅ በአንድ መኝታ ቤት አልጋ ለአልጋ ሆነው ሦስትና አራት ዓመት ቢኖሩ ደግሞ ወላጆቻቸው በጉባኤ ተሰብስበው ካደረጉት ዕርቅ ይልቅ የሚጠነክር ነገር ሊወለድ ይችላል። ሊወለድ ይችላል አልን እንጂ ያለ መምህራን ትጋት በራሱ ይሆናል አላልንም። በአንድ ጣራ ሥር ያሉ ልጆች ሊጣሉም ይችላሉና።

ፈተናውና ውጤቱ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠቱ ይታወቃል። በዚህ ምክንያት ከቤቱ ወጥቶ የማያውቅ የገጠር ተማሪ ሁሉ ለጥቂት ቀናት አዳሪ ሆኗል። የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ሲነገር ሀገር ደነገጠ። ለፈተናው ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች ከመቶ 50 እና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አልፈው ቁጥሩ ወደ 8.4 ከፍ ብሏል። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። ከእነዚህ ከብዙዎቹ መንደሮች ወላጆች ልጆቻቸውን በበግና በዶሮ፣ በእህል ሽያጭ አስተምረው ነበር።

በእነዚሁ ዓመታት የትምህርት ሚኒስቴር ካስታወቃቸው ነገሮች አንዱ አዳሪ የሆኑ ልዩ ትምህርት ቤቶች ጎልተው መታየታቸው ነው። ተማሪዎቻቸውን ሁሉ ካሳለፉት ጥቂቶች መካከል ተሰልፈዋል፤ ሚኒስቴሩም እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶችን በመላ ሀገሪቱ ለማብዛት ማቀዱን ገልጿል። ይህን ሰምቶ የማይደሰት የለም። ሆኖም አንድ ነገር ሳይባል ማለፍ የለበትም። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን በፈተና መርጠው የሚቀበሉ ናቸው። ከአንድ ወረዳ አምስቱን ጎበዞች የወሰደ ትምህርት ቤት አምስቱን ቢያሳልፍ ይመሰገናል፤ በወረዳው የቀሩትን አራት መቶ ልጆች ያለ መጽሐፍና ያለ ፊዚክስ መምህር ይዞ አሥር ያሳለፈው ተመላላሽ ትምህርት ቤት ግን ምስጋናው ሊበልጥለት ይገባል። ጉባኤ ቤቱ እንዲህ አያደርግም ነበር። የኔታ የመጣውን ሁሉ ይቀበላሉ፤ የሚለየው ጽናት ነው። እንደ እኛ አመለካከት ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚሻለው አዳሪነቱ በውጤት ብቻ ሳይሆን በመንገድ ርቀትም እንዲመዘን ነው። የመንደሩ ርቀትና የቤተሰቡ ችግር ነጥብ ተሰጥቶት፣ ለሴቶች ልጆችም በቂ አልጋ ተለይቶ ቢያዝ መልካም ነው።

መብራት የሚለውን ቃል ስናነሣ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ ይለናል። በመተከል ጉባ ወረዳ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የሀገሩ ብርሃን ከዚህ ክልል ይወጣል። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰባቸው የክልሉ መንደሮች ግን ተማሪው በኩራዝና በእጅ ባትሪ ያጠናል። የአዳሪ ትምህርት ቤት ትልቁ ስጦታ ምናልባት መምህሩ ወይም ቤተ ሙከራው ሳይሆን ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ የሚበራው አምፖል ሊሆን ይችላል። የጠፋበት ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።

የወላጆች ጥያቄ

ከምእመናን ወላጆች ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ አለ፤ ልጃችን አዳሪ ከገባ ሃይማኖቱን ማን ይጠብቅለታል? የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ሃይማኖት አያስተምርም፤ እንዲያስተምርም አይጠበቅም። በዚያ ልክ ግን ቤተ ክርስቲያን ተማሪውን ተከትላ መሄድ ታውቃለች። በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለውትድርና ሥልጠና ብላቴ በገቡ ጊዜ በዚያ የጦር ካምፕ ውስጥ ተሰብስበው ይጸልዩ ከነበሩት ወጣቶች ጋር የማኅበረ ቅዱሳን ጅማሬ ተያይዞ እንደሚነገር አብዛኛው አንባቢ ያውቃል፤ ማኅበሩ በ1984 ዓ.ም. ተመሥርቶ ግቢ ጉባኤያትን በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ሲያስተምር ኖሯል። ለዩኒቨርሲቲው ተማሪ የተደረገው ለ15 ዓመቱ የሁለተኛ ደረጃ አዳሪ ደግሞ ይበልጥ ያስፈልገዋል። የአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ በአቅራቢያው ያለውን አዳሪ ትምህርት ቤት ከአስተዳደሩ ጋር ተነጋግሮ፣ ልጆቹ እሑድ ቅዳሴ የሚያስቀድሱበትንና ሰንበት ትምህርት ቤት የሚሳተፉበትን ሰዓት ቢያስፈቅድ ከባድ ነገር አይደለም።

የምግቡ ነገር ቀላል መስሎ ከባድ ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በሚበዛበት በዚህ ክልል በአንድ መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ረቡዕና ዓርብ ጿሚው አለ፤ በረመዳን ከንጋት በፊት የሚበላው አለ፤ የሥጋውም ባራኪ ይለያያል። አስተዋይ የወጥ ቤት ኃላፊ ሽሮውንና ምስሩን ለሁሉ የሚሆን አድርጎ ያበስላል፤ የሥጋውን ቀን ደግሞ ለሁለቱም ለይቶ ያዘጋጃል። ይህን ንቀው የሚያልፉ አስተዳዳሪዎች ልጆቹ ባዶ ሆድ ወደ ክፍል እንደሚገቡ ይወቁት። ፈተናው በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. እንደሆነው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ሲሆን ጾመ ሐዋርያት ገና አይፈታም። ልጁ ምን ያህል ሰዓት ይጹም፣ ቢታመምስ ምን ያድርግ የሚለውን በፈተናው ጠዋት ብቻውን ሊወስን አይገባውም፤ ከመሄዱ በፊት ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋግሮ ሊጨርሰው ይገባል። ለሕመምተኛና ለደካማ ቤተ ክርስቲያን የምትራራ እናት መሆኗንም ይነገረው።

እንግዲህ በዚህ ሰሞን ልጃቸውን ለሚሸኙ ወላጆች ጥቂት ነገር እናሳስብ። ክረምቱ እንደወጣ በቆላው ወባ ይበረታልና ከመጽሐፉ ቀድሞ አጎበሩ ይታሰር። ነጠላዋና ዳዊቱ በአንድ በኩል ይቀመጡ። ወደ አሶሳ የሚሄድ ልጅ የንስሐ አባቱን የመሸኛ ደብዳቤ ይዞ በአቅራቢያው ላለው ደብር አስተዳዳሪ ቢሰጥ፣ የሚመጣውን ደመራ ሲደምሩ ካህናቱ ልጁን በስሙ ይጠሩታል። መደረቢያውን ደግሞ አንድ ጣት ያህል ሰፋ አድርጋችሁ ግዙለት፤ እስከ ትንሣኤ ድረስ ያድጋልና።